ዘሩ አልበቀለም፣ ችግኙ ወደቀ፣ ፍሬው ጠቆረ፦ የጓሮ ቲማቲም ችግርና መፍትሄ ለጎጃም

ባሕር ዳር ላይ ያማረበት ቲማቲም እንጅባራ ላይ ብርድ ይፈጀዋል። ሁለቱም ጎጃም ነው። ግን አንዱ 1,800 ሜትር አካባቢ፣ ሌላው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቲማቲሙ ታመመ ብላችሁ መድኃኒት ፍለጋ ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። ሌሊቱ ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ውሃስ እንዴት ነው የምታጠጡት? የጓሮ ቲማቲም ጣጣ በአብዛኛው ከነዚህ ከሁለቱ አያልፍም።

ዘሩ አፈር ውስጥ ቀረ

የቲማቲም ዘር ሙቀት ይወዳል። ከ20 እስከ 27 ዲግሪ ካገኘ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ዝም ይላል፤ ወይም እዚያው ይበሰብሳል። ደብረ ማርቆስ ላይ በኅዳር ደጅ የተዘራ ዘር ባይበቅል አይግረማችሁ። መፍትሄው ቀላል ነው። የተዘራበትን ዕቃ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት አስገቡት። ከምድጃው ራቅ፣ ከሙቀቱ ግን ጠጋ ይበል። ዘሩን ከአንድ ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩት።

ከገበያ ቲማቲም ላይ ዘር ያወጣችሁ ከሆነ ደግሞ ዘሩን የከበበው ልጋግ መብቀልን ይከለክላል። ከነጭማቂው በብርጭቆ አድርጋችሁ ሁለት ሦስት ቀን አቆዩት። ሽታው ደስ አይልም፣ ቻሉት። ከዚያ አጥባችሁ ጥላ ላይ አድርቁ። ቲማቲሙ ድቅል ዝርያ ከነበረ ግን ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። እንደ መልካ ሳልሳና መልካ ሾላ ካሉ ድቅል ያልሆኑ ዝርያዎች የተወሰደ ዘር ይሻላል።

ችግኙ ቀጥኖ ተመዘዘ

ብርሃን አጥቷል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሙቀት የሚያስፈልገው እስኪበቅል ነው። እንደበቀለ ወዲያው ወደ ብርሃን አውጡት። የተመዘዘውም አይጣልም። ስታዛውሩት ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ድረስ ቅበሩት፤ ከተቀበረው ግንድ ላይ ሥር ያወጣል።

ማታ ደህና የነበረው ችግኝ ጠዋት ወድቆ ተገኘ

እዚህ ላይ ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የወደቀውን አንሱና አንገቱን፣ ማለትም ግንዱ ከአፈር የሚወጣበትን ቦታ እዩ። አንገቱ ውሃ ቋጥሮ፣ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ ክር ከቀጠነ የፈንገስ በሽታ ነው። በቢላ የተቆረጠ መስሎ ከተገኘ ደግሞ ቆራጭ ትል ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይገናኙም፣ መፍትሄያቸውም ለየቅል ነው።

ፈንገሱ የሚመጣው ከውሃ ብዛት ነው። ሰው ችግኝ ሲወድ ውሃ ያበዛል። ጠዋት ያጠጣል፣ ማታ ይደግማል፣ እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ሄዶ ጠብ ያደርጋል። የወደቀውን ማትረፍ አይቻልም፣ ንቀሉት። የቀረውን ለማዳን ማጠጣቱን አቁሙ፤ የአፈሩ ላይኛ ገጽ ይድረቅ። ነፋስ እንዲያገኝ አድርጉ፣ ችፍግ ብሎ የበቀለውን አሳሱ። ለሚቀጥለው ጊዜ አፈሩን ከአሸዋና በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሉ። ጥሬ ፍግ አይሆንም። የዘይት ጀሪካን ቆርጣችሁ የምትዘሩ ከሆነ ታቹን ብሱት። ያልተበሳ ጀሪካን ኩሬ ነው።

ለቆራጭ ትሉ መድኃኒት አያስፈልግም። የሚበላው ሌሊት ነው። ጠዋት ከወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ለቀሩት ችግኞች የሃይላንድ ጠርሙስ እንደ ቀለበት ቆርጣችሁ አንገታቸው ዙሪያ አጥልቁ፤ ትንሽ ወደ አፈሩ ይግባ።

ቅጠሉ ከሥሩ ወይን ጠጅ መሰለ

ብርድ ነው። አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥሩ ፎስፈረስ መሳብ ያቅተዋል። ማዳበሪያ አትጨምሩ፣ ሌሊት ሌሊት ቤት አስገቡት።

አበባው ይረግፋል

ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች ሲወርድ ወይም ቀኑ ከ32 ሲያልፍ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይወድቃል። ስለዚህ ወቅቱን ምረጡ። ባሕር ዳርና ፍኖተ ሰላም አካባቢ መስከረም ላይ ዘርቶ ጥቅምት ላይ ማዛወር ያስኬዳል። ደጋ ላይ ያላችሁ ግን ጥር ላይ ቤት ውስጥ ዝሩ፤ የካቲት መጨረሻ፣ ብርዱ ሲሰበር አውጡ። ክረምቱ ሳይከብድ ፍሬ ትደርሱበታላችሁ። ዩሪያ ማብዛትም ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም።

የፍሬው ቂጥ ጠቆረ

ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ነው። የፍሬው ታችኛ ጫፍ ይጠቁራል፣ ይሰረጉዳል፣ ሲነካ ቆዳ ይመስላል። በሽታ አይደለም፣ አይተላለፍም። ፍሬው ካልሲየም አጥቶ ነው። አንዳንዴ አፈሩ ውስጥ እያለ ነው የሚያጣው፤ ምክንያቱም ካልሲየም የሚጓዘው በውሃ ነው። ሦስት ቀን አድርቆ በአራተኛው ማጥለቅለቅ ዋናው ጥፋት ይሄ ነው። ጀሪካን ውስጥ ያለ ደግሞ አፈሩ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ ውስጡ ደረቅ ሲል አጠጡ፣ እርጥብ ከሆነ ተዉት። ሥሩን በጤፍ ጭድ ሸፍኑት። ጭድ ለከብት እንጂ ለቲማቲም ነው ወይ የሚል አይጠፋም፤ ደረቅ ሣርም ይሠራል።

በሌላ በኩል የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ለእርሻ ኖራ የሚበተነውም ለዚሁ ነው። ጓሯችሁ እንዲህ ያለ አፈር ከሆነ ከመትከላችሁ ሳምንታት ቀደም ብላችሁ ጥቂት ኖራ ወይም የእንጨት አመድ ቀላቅሉ። የእንቁላል ቅርፊት የሚመክሩ አሉ። አይጎዳም፣ ግን ለመበስበስ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። የጠቆረውን ፍሬ ቁረጡና ጣሉ፤ ቀጣዩ ደህና ይሆናል።

ቅጠሉ በዝናብ ሰሞን ተቃጠለ

ምች መታው ይባላል። ቡናማ እርጥብ ነጠብጣብ ቅጠሉ ላይ ይወጣል፤ ጠዋት ገልብጣችሁ ስታዩት ጠርዙ ላይ ነጭ ሻጋታ አለ። በቀናት ውስጥ ተክሉን ይጨርሳል። ድንችንም የሚያጠቃው ይኸው በሽታ ነው። ጎጃም ደግሞ የድንች አገር ነው፤ ቲማቲሙን ከድንች መደብ አርቁ። በላስቲክ ከዝናብ ከልሉ፣ ከሥር እንጂ ከላይ አታጠጡ፣ በድጋፍ እንጨት አቁሙት። የተመታውን ቁረጡና አቃጥሉ። እንደ ማንኮዜብ ያሉ መድኃኒቶች የሚረዱት ቀድመው ሲረጩ ነው፤ ከተረጨ በኋላም መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ፍሬ አትልቀሙ።

ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ

ብርዱ ከቀደማችሁ ተክሉ ላይ አትጠብቁት። ጫፉ ፈዘዝ ማለት ሲጀምር ልቀሙና ከበሰለ ሙዝ ጋር ካርቶን ውስጥ ክደኑት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አያስፈልግም፤ የሚያበስለው ሙቀትና ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ነው። በየቀኑ ገለጥ አድርጋችሁ የበሰበሰ ካለ አውጡ።