ለስፌት ሥራ ከማመልከታችሁ በፊት

በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ዙሪያ በልብስ ስፌት መቀጠር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ከማስረጃው በላይ እጃችሁን አዘጋጁ። ብዙ ቀጣሪ ማሽን ላይ አስቀምጦ ነው የሚፈትነው።

በእግር በሚረገጥ ሲንጀር የለመደ ሰው ሞተር ማሽን ላይ ሲቀመጥ ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጥና ጨርቁ ያመልጠዋል። መድኃኒቱ ወረቀት ነው። ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ያለውና ክብ መስመር አስምሩ፤ ክሩን አውጡና በባዶ መርፌ መስመሩን ተከተሉ። ቀዳዳው ከመስመሩ መውጣት ሲያቆም ወደ ጨርቅ እለፉ፤ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። ወረቀት የወጋ መርፌ ስለሚደንዝ ለጨርቅ ቀይሩት፦ ለስስ ሸሚዝ 11፣ ለጂንስ 16 ቁጥር።

ከጨርቁ ሥር ክር ሲተበተብ ብዙዎች ቦቢኑን (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበትን) ይነካካሉ። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው፤ የላይኛው ክር፣ ክሩን በሚወጥረው ማጥበቂያ መሃል አልገባም። ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር አንሡና ክሩን እንደገና አስገቡ፤ እግሩ ካልተነሣ ማጥበቂያው አይከፈትም።

ተቀጥራችሁ ስፌት ለማስተማር ከፈለጋችሁ ደግሞ መስፋት መቻል ብቻውን አይበቃም። ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብታችሁ ሰልጥኑ፣ ሲኦሲ የሚባለውን የሙያ ብቃት ምዘና እለፉ። የሰፈር ማሰልጠኛ ሥራ ስትጠይቁ ራሳችሁ ቀዳችሁ የሰፋችሁትን ጉርድ፣ ሸሚዝና ሱሪ ከነፓተርናቸው (ጨርቁ ከተቆረጠበት የወረቀት ቅድ ጋር) ይዛችሁ ሂዱ።