አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ለምን ቀረፈፈብኝ?

ጎንደር ፒያሳ ባለችው ክፍሌ የብር መስቀሎችን በቅርበት ፎቶ አነሳለሁ። ሌንሱ የመስቀሉን ጥልፍልፍ ሙሉውን በአንዴ አያጠራውም። ስለዚህ ፎከሱን ትንሽ ትንሽ እየገፋሁ 40 ፎቶ አነሳና ዚሪን ስታከር በሚባል ፕሮግራም ወደ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ አዋህዳቸዋለሁ። በቅርቡ 32 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ገዛሁ። እንደ ድሮው ተንቀራፈፈ! ብሽቅ አልኩ።

ጥፋቱ የኔው ነበር። ፎቶዎቹን የማስነብበው በቀጥታ ከአሮጌውና ቀርፋፋው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። እስቲ አስሉት፦ የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ በ16 ቢት ቲፍ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) ሲቀመጥ፣ ካልታመቀ፣ 144 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። አርባው ወደ 5.8 ጊጋባይት ነው። መጀመሪያ ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፑ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የውስጥ ማከማቻ) ገልብጡ። የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ፋይሎችም እዚያው ይቀመጡ።

ቀጥሎ ሜሞሪ፣ ማለትም ራም። ዚሪን በጃቫ (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የተሠራ ስለሆነ ራም የሚወስደው በተፈቀደለት ልክ ነው። ፕሪፈረንስ (ማስተካከያው) ውስጥ «ሜሞሪ ዩሴጅ» የሚለውን ከፍ አድርጉለት። ሁሉንም ግን አትስጡት፤ ዊንዶውስም ድርሻ አለው። እኔ 20 ጊጋባይት ሰጥቼዋለሁ።

ሂሊኮን ፎከስ የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ማስተካከያው ውስጥ ግራፊክስ ካርዱ ለሥራው መመረጡን እዩ።

ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አታስቀምጡት። አየር ሲያጣ ይግላል፣ ሲግል ይዘገያል። በባትሪ ሲሠራም ፍጥነቱን ይቀንሳል። መብራት ሲጠፋብኝ ትልቁን ሥራ ትቼ በትንሽ መጠን እሞክራለሁ። የፎቶውን ቁመትና ወርድ በግማሽ ስታሳንሱ የፒክሰሉ ብዛት ሩብ ይሆናል። ሙሉውን መብራት ሲመጣ እሠራዋለሁ።