ነፍሰ ጡር ከተከተበች በኋላ በክትትሉ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ስትመጣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንሰጣታለን። ለሁለተኛው ዙር ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ እንቀጥራታለን። እስከዚህ ጎበዞች ነን። የምንሳሳተው ከመርፌው በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ካርዷ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፎ መተው ነው። የክትባቱ ባች ቁጥርስ (ከየትኛው ምርት እንደሆነ የሚለየው ቁጥር)? እርግዝናውስ ስንት ሳምንት ነበር? የፅንሱ አካላት በዋናነት የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። ስለዚህ በ8ኛው ሳምንት የተከተበችና በ30ኛው የተከተበች እናት ጉዳይ አንድ አይደለም።

ሁለተኛው "ክትባቱ ነው ያስወረዳት" ብሎ መደምደም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ክትባት ኖረም አልኖረም፣ ከታወቁ እርግዝናዎች ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ይወርዳሉ። ከ100 ሕፃናት ደግሞ 2 ወይም 3ቱ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ። ብዙ እናቶች ሲከተቡ፣ በተከተበች ማግስት ፅንስ የሚወርድባት መኖሯ አይቀርም። መለየት የሚቻለው የተከተቡትን ካልተከተቡት ጋር በማነጻጸር ነው።

ያዘነችን እናት "ከክትባቱ ጋር አይገናኝም" ብሎ መሸኘትም ያው ስህተት ነው። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው እንጂ የእኛ ግምት አይደለም። ሪፖርት ለማድረግ መጠርጠር ብቻ ይበቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ነው። እናትየዋ ራሷም መደወል ትችላለች፤ ይህን ንገሯት።

ትኩሳትን ሁሉ ለክትባቱ መስጠትም አለ። ክንዷ ቢያማት፣ ትንሽ ቢያተኩሳት በአንድ ሁለት ቀን ይለቃታል። ወባማ አካባቢ ግን ደሟ ሳይመረመር "የክትባቱ ነው" አይባልም። ማስታገሻ ካስፈለጋት ፓራሲታሞል እንጂ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን አይሰጣት። ደም ከፈሰሳት ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትምጣ።

እንደ ኩፍኝ ያለ ሕያው የተዳከመ ቫይረስ ያለበት ክትባት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ማርገዟን ሳታውቅ ወስዳው ከሆነስ? መደበቅ ስህተት ነው። "አስወርጂው" ማለት ደግሞ የባሰ ነው፤ ክትባቱ በራሱ ፅንስ ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። ይመዝገብ፣ ሪፖርት ይደረግ፣ እስክትወልድ ትታይ።

በጣም የሚቆጨኝ የመጨረሻው ነው። ወሯ ሲገባ ብዙዋ እናት ለመውለድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ካርዷ እኛ ጋ ተከፍቶ ይቀራል። ልጁ ጤነኛ ሆኖ ቢወለድም አይመዘገብም። ታዲያ ችግር የገጠማቸውን ብቻ ቆጥረን ከስንት እናቶች መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ስትከተብ ስልኳን ብቻ ሳይሆን የእናቷን ቀበሌም ጻፉ። የዚያን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደውላችሁ ጠይቁ፦ ወለደች? ልጁስ እንዴት ነው?