ስትሬፕቶኮከስን ስንለይ ደጋግመው የሚያሳስቱን ነገሮች

ስትሬፕቶኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ የመለየት ሥራ ግማሹ የሚያልቀው ብለድ አጋሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን የምናሳድግበት ደም ያለው ምግብ፣ ሲዘጋጅ ነው። ፕሌቱ (አጋሩ የሚፈስበት ሳህን) ከተበላሸ ቀጥሎ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ደሴ ላይ ላብራቶሪ ለሚገቡ ተማሪዎችና አዲስ ባልደረቦች ምክር ስሰጥ ሁሌም ከደሙ የምነሳው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም መጠቀም ነው። በቀላሉ ስለሚገኝ ያጓጓል። ነገር ግን ለጋሹ ቀድሞ በስትሬፕቶኮከስ ተይዞ ከነበረ ፀረ እንግዳ አካላቱ ደሙ ውስጥ አሉ። የወሰደው መድኃኒትም ሊኖር ይችላል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሲትሬትም አንዳንዱን ባክቴሪያ እንዳያድግ ይይዘዋል። ሄሞሊሲሱ፣ ማለትም ባክቴሪያው በዙሪያው ያለውን ደም ማቅለጡ፣ ይደበዝዛል፤ ለሠራተኛውም ደም ወለድ በሽታ ያሰጋል። ወሎ ደግሞ በግ የሚታጣበት አገር አይደለም። የበጉን ደም የብርጭቆ ዶቃ ባለበት ንጹሕ ፍላስክ ተቀብሎ፣ ፋይብሪኑ ዶቃው ላይ እስኪጠመጠም ድረስ በእርጋታ ማዞር ነው። ከዚያ አጋሩ ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲበርድ 5% ይጨመራል። አጋሩ ትኩስ ከሆነ ደሙ ይበስላል። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ በጉ ሰሞኑን አንቲባዮቲክ ተወግቶ እንደሆነ ባለቤቱን ጠይቁ።

ሁለተኛው ስህተት መጻሕፍቱ ላይ ብዙም ስለማይነገር እኛ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ኦቶክሌቩ (አጋሩን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የምናጸዳበት ማሽን) ጌጅ ላይ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ከታየ 121 ዲግሪ ደረሰ ብለን እናምናለን። ይህ የሚሠራው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ሲሆን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ስስ ነው። በ15 ፒኤስአይ የምናገኘው ከ116 እስከ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ ወደ 19 መጠጋት ያስፈልጋል። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ብትገቡ እንኳ 18 አካባቢ ነው። ኦቶክሌቩ ያንን ግፊት መቻሉን መጀመሪያ አረጋግጡ፤ ቴርሞሜትር ካለው ደግሞ ጌጁን ትታችሁ ሙቀቱን እመኑ። ከሙቀቱ የተረፈ የባሲለስ (የሌላ ባክቴሪያ) ስፖር በማግስቱ ዙሪያውን ደም አቅልጦ ይጠብቃችኋል። ቤታ ሄሞሊሲስ (የደሙን ሙሉ በሙሉ መቅለጥ) አየሁ ብሎ የሚደሰት ጀማሪ አለ።

ሄሞሊሲስን ፕሌቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ማንበብም ሌላ ስህተት ነው። ፕሌቱን አንሱና ብርሃን ከጀርባው እንዲመጣ አድርጋችሁ እዩ። ኮሎኒውን (አንድ ላይ ያደገውን የባክቴሪያ ክምር) በሉፕ (ባክቴሪያ በምናነሳበት ቀለበት) ገፋ አድርጋችሁ ከሥሩ ያለውን ደግሞ ተመልከቱ። ከሥሩ ጥርት ብሎ ጽሑፍ የሚያስነብብ ከሆነ ቤታ ነው፤ አረንጓዴ ጉም ከቀረ አልፋ ነው። ስትሪክ ስታደርጉ (ናሙናውን ስትዘሩ) አጋሩን ሁለት ሦስት ቦታ በሉፕ ወጋ ማድረግም አትርሱ። ስትሬፕቶላይሲን ኦ የሚባለው ደም አቅላጭ ኦክሲጅን ሲያገኘው ሥራውን ያቆማል። ላይ ላዩን ደካማ የመሰለ ፕሌት፣ የተወጋው ቦታ ላይ ግን ጥርት ብሎ ታገኙታላችሁ።

ካታሌዝ፣ ማለትም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ላይ አረፋ የሚያወጣ ኢንዛይም፣ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ስታፊሎኮከስ አለው፣ ስትሬፕቶኮከስ የለውም። ከብለድ አጋር ኮሎኒ ስታነሱ አጋሩን አትጫሩ። ቀይ የደም ሴል ራሱ ካታሌዝ ስላለው አረፋ ይሰጣችኋል፤ ስትሬፕቶኮከሱም ስታፊሎኮከስ ተብሎ ይወጣል። ከብረት ሉፕ ይልቅ የእንጨት ስንጥር ይሻላል።

ዋናው ጉዳይ ባሲትራሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣውን የግሩፕ ኤ ስትሬፕቶኮከስ ለመለየት የሚያስፈልገው ዲስክ 0.04 ዩኒት ያለው ነው። መደርደሪያው ላይ 10 ዩኒት ያለው ሊኖር ይችላል፤ በስም አንድ ናቸው፣ በሥራ ግን አይገናኙም። በ10 ዩኒት ግሩፕ ኤ ያልሆነውም ዞን (በዲስኩ ዙሪያ ባክቴሪያ ያላደገበት ክብ) ያሳያል። ሌላው ግድፈት ዲስኩን የጉሮሮ ስዋብ በተዘራበት የመጀመሪያ ፕሌት ላይ ማስቀመጥ ነው። እዚያ የአፍ ባክቴሪያ ተደባልቆ ስላለ ውጤቱ አይታመንም። ንጹሕ ቤታ ሄሞሊቲክ ኮሎኒ ለይታችሁ እንደገና ዝሩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ከግሩፕ ሲ እና ጂ አንዳንዱ ለባሲትራሲን ስለሚሸነፍ በፒዋይአር (በቀለም ለውጥ በሚነበብ የኢንዛይም ምርመራ) አረጋግጡ። ላንስፊልድ ኪት (ግሩፑን በአንቲጅን የሚለይ) ላለው ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ሬቤካ ላንስፊልድ በ1933 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አመዳደብ የባክቴሪያውን ግድግዳ ካርቦሃይድሬት እንጂ ዝርያውን አይነግርም። ትንንሽ ኮሎኒ ያለው የአንጂኖሰስ ቡድን (ሌላ ስትሬፕቶኮከስ) የኤ አንቲጅን ሊይዝ ይችላል። ፒዋይአሩ ግን ኔጋቲቭ ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ግሩፕ ኤ ያልታወቀበት ልጅ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይዞ ሊያድግ ይችላል፤ በአገራችን ይህ ሕመም ስንቱን ወጣት እንደሚጥል ሆስፒታል የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ከኦፕቶቺን (ኒሞኮከስን የሚለይ ዲስክ) እና ከካምፕ ቴስት (ግሩፕ ቢን የሚለይ ምርመራ) ጋር የሚመጣው ስህተት የአየር ነገር ነው። ኦፕቶቺን 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። በተራ አየር ከተቀመጠ ዞኑ ይሰፋና ቪሪዳንሱ (የአፍ ነዋሪው ስትሬፕቶኮከስ) ኒሞኮከስ (የሳንባ ምች አምጪው) መስሎ ይታያል። ለ6 ሚሊ ሜትር ዲስክ 14 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኒሞኮከስ ነው። ዞን ኖሮት ከ14 በታች ከሆነ ግን በባይል ሶሉቢሊቲ (በሐሞት ጨው መሟሟቱ ታይቶ) ሳይረጋገጥ ስም አይሰጠውም። ካምፕ ግን ተቃራኒው ነው፤ ተራ አየር ይበቃዋል። ሻማ ለኩሰን በምንዘጋው ጃር ውስጥ ከገባ ግሩፕ ኤ ራሱ የቀስት ጫፍ የሚመስል የቀለጠ ደም ሊያወጣ ይችላል፤ ያኔ ግሩፕ ቢ ብለን እንጽፈዋለን።

የጥንት ማስታወሻ ይዞ የሚሠራ ሰው ኢንቴሮኮከስን ዛሬም «ግሩፕ ዲ ስትሬፕ» ይለዋል። ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ወገን ሆኗል። እሱም ግሩፕ ዲ ስትሬፕቶኮከስም ባይል ኤስኩሊን የሚባለውን አጋር ያጠቁራሉ። ኢንቴሮኮከስ ግን በ6.5% ጨው ያድጋል፣ ፒዋይአሩም ፖዘቲቭ ነው። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ስሙን ማደባለቅ በሽተኛውን ይጎዳል።

ሪፖርት አጻጻፍም የራሱ ጣጣ አለው። ከጉሮሮ የወጣን አልፋ ሄሞሊቲክ «ስትሬፕቶኮከስ ተገኝቷል» ብሎ መላክ፣ የአፍ ነዋሪውን በሽታ አድርጎ መድኃኒት ማስጀመር ነው። ከደም ካልቸር የወጣን ቪሪዳንስ ደግሞ «ብክለት ነው» ብሎ መጣል የባሰ ነው። በተለይ በሽተኛው የልብ ቫልቭ ችግር ካለበትና ባክቴሪያው ከሁለት ጠርሙስ በላይ ከወጣ፣ ስልክ አንሥታችሁ ሐኪሙን አናግሩ።

ለአንቲባዮቲክ ምርመራ ደም የሌለበት ሙለር ሂንተን አጋር አትጠቀሙ። 5% የበግ ደም ይጨመርበት። ለኒሞኮከስ የኦክሳሲሊን 1 ማይክሮግራም ዲስክ 20 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ካሳየ ፔኒሲሊን ይሠራል። ከዚያ ካነሰ «አር» (መድኃኒቱን የሚቋቋም) ብላችሁ አትጻፉ፤ ኤምአይሲ (ባክቴሪያውን የሚገታው ትንሹ የመድኃኒት መጠን) ያስፈልጋል። ግሩፕ ኤ ላይ ግን ፔኒሲሊን «አር» ካነበባችሁ ሪፖርቱን አትልኩ። ግሩፕ ኤ ለፔኒሲሊን እጁን ሳይሰጥ የተገኘበት ጊዜ የለም። ኮሎኒውን እንደገና አጥሩና ከግራም ስቴይን ጀምሩ።