ስፕሊንት ሲቆረቁር ቦታውን በሊፕስቲክ አመልክቱ
በእጃችሁ ልክ በሙቀት ተለስልሶ ከተቀረጸ ፕላስቲክ የተሠራ የእጅ አንጓ ስፕሊንት (እጅን ደግፎ እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ መደገፊያ) አንድ ቦታ ላይ የሚቆረቁራችሁ ከሆነ፣ በተለይም በትንሿ ጣት በኩል ጎላ ብሎ የሚታየውን አጥንት የሚነካችሁ ከሆነ፣ ቦታውን ለባለሙያው በግምት ከማሳየት ይልቅ በሊፕስቲክ አመልክቱት። ስፕሊንቱን ስታወልቁ ቀልቶ የሚቆየውን ቆዳ በስሱ ቀቡት፤ ከዚያም ስፕሊንቱን ሳታንሸራትቱ መልሳችሁ አጥልቁ፣ ማሰሪያውን እንደወትሮው እሰሩና አውልቁት። ቀለሙ በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ታትሞ ስለሚቀር፣ ባለሙያው ያንኑ ነጥብ ብቻ አሙቆ ወደ ውጭ ገፋ ያደርገዋል፤ የቀረው ቅርጽ አይነካም።

ብዙ ሰው ለማስታገስ ብሎ ከሥሩ ጥጥ ይጠቀጥቃል። ይህ ግን ስፕሊንቱ በልክ የተሠራ በመሆኑ ቦታውን ይበልጥ ያጠበዋል፣ ግፊቱንም ያባብሰዋል።

በቤት ውስጥ በሙቅ ውሃ ለማስተካከል ከቶ አትሞክሩ። አብዛኛው የስፕሊንት ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ስለሆነ ቆዳ ያቃጥላል፤ ስፕሊንቱም የታሰበለትን ቅርጽ ያጣል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተውም እንዲሁ ያጣምመዋል።

ቆዳው ከተላጠ ቀለም አትቀቡ። ስፕሊንቱን ለአፍታም እንዳታወልቁ ከታዘዛችሁ፣ ለምሳሌ የጣት ጫፍ ጅማት ተበጥሶ ጣቱ ቀጥ ብሎ የታሰረ ከሆነ፣ ይህን ዘዴ ተዉት። ጣቶቻችሁ ከደነዘዙ፣ ካበጡ ወይም ቀለማቸው ከተለወጠ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ሂዱ።