ሲክ አዛውንት ስትንከባከቡ መቀሱን አርቁት

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሆም ኬር፣ ማለትም አዛውንትን በቤታቸው የመንከባከብ ሥራ፣ እሠራለሁ። መጀመሪያ የደረሱኝ ሲክ (ሕንድ ውስጥ የተጀመረው የሲክ ሃይማኖት ተከታይ) አዛውንት፣ ቤተሰቡ «ባባ ጂ» የሚላቸው፣ ጢማቸው ሾርባ ሲነካ አየሁና «ትንሽ ልከርክመው?» ብዬ መቀስ አነሳሁ። ልጃቸው ከጓዳ እየሮጠች መጣች። «ማተብሽን ልበጥሰው» ብባል ምን እንደምል አሰብኩና አፈርኩ። እናንተ እንዳትደግሙት ነው የምጽፈው።

የሲኮች የሃይማኖት መሪ ጉሩ ጎቢንድ ሲንግ በፈረንጆች 1699 ሕንድ ውስጥ አናንድፑር ላይ ኻልሳ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። አምሪት የሚባለውን ሥርዓት ፈጽሞ የገባበት ሰው አምስት ነገር ከአካሉ አይለይም፦ ኬሽ፣ ካንጋ፣ ካራ፣ ካቼራ፣ ኪርፓን። አምሪት ያልወሰደ ሲክ ሁሉንም ላይይዝ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ኬሽ ያልተቆረጠ ፀጉር ነው፤ ፈጣሪ የሰጠውን እንዳለ መቀበል። የራስና የጢም ብቻ አይምሰላችሁ፣ የገላውም ጭምር ነው። ካንጋ ትንሽ የእንጨት ማበጠሪያ ናት። ባባ ጂን ጠዋትና ማታ አበጥርላቸዋለሁ፣ ከዚያ ፀጉሩን ጠቅልዬ ካንጋዋን እዚያው እሰካለሁ። ጥምጣሙ ከአምስቱ አይቆጠርም፣ ግን ኬሹን የሚሸፍነው እሱ ስለሆነ ክብሩ ትልቅ ነው። ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጡት፤ ከካልሲና ከጫማ ጋር በጭራሽ።

ካራ የብረት አምባር ነው። ጌጥ አይደለም። እጅ ክፉ እንዳይሠራ ያስታውሳል ይላሉ።

የሚያስቸግረው ካቼራ ነው፣ ማለትም ሰፊ የውስጥ ቁምጣ። ራስን የመግዛት ምልክት ነው። ባባ ጂ ሙሉ በሙሉ አያወልቁትም። አንዱን እግር ከአሮጌው አወጣለሁ፣ ያንኑ እግር አዲሱ ውስጥ አስገባለሁ፣ ከዚያ ሌላውን። መጀመሪያ ላይ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ሁለታችንም በሳቅ ልንሞት። አሁን ለምዶልኛል።

ኪርፓን አጭር ጎራዴ ነው፣ በማንገቻ የሚታሰር። ስሙ ምሕረትንና ክብርን ያጣምራል፤ ደካማን የመጠበቅ ግዴታ ማለት ነው። ባባ ጂ ሲታጠቡ ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ቢያስቸግራችሁም ራሳችሁ አትፍቱት፣ እሳቸው ያንቀሳቅሱት።

ሆስፒታል ከገቡ ሁሉንም ለነርሷ ቀድማችሁ ንገሩ። ለቀዶ ጥገና ሲዘጋጁ ፀጉር መላጨት የግድ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ ያስፈቅዳቸው። ካራውንም ከማውለቅ በፕላስተር መሸፈን ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።