የተላጠ የአውሮፕላን ቀለምን በጨው ማስመሰል

የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል በ1/48 መጠን (ከእውነተኛው 48 ጊዜ አሳንሰን) ስንሠራ የተላጠውን ቀለም በቀጭን ብሩሽና በብርማ ቀለም ነጠብጣብ ለማሳየት ከሞከርን፣ ነጠብጣቦቹ እኩል እኩል እየሆኑ የእጅ ሥራ መሆናቸውን ያሳብቃሉ። ለዚህ ሸካራ የወጥ ቤት ጨው ፍቱን መላ ነው።

አስቀድሞ ሞዴሉ በአሉሚኒየም ቀለም ይቀባና በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይሸፈናል። ቫርኒሹ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀለም ሊላጥ በሚገባው ቦታ፣ በተለይም አብራሪውና መካኒኮቹ በሚረግጡት የክንፍ ሥር፣ በክንፉ የፊት ጠርዝና በሞተሩ ክዳን መገጣጠሚያዎች ላይ፣ ውሃ በብሩሽ ተቀብቶ ጨው ይነሰነሳል፤ ውሃው ሲተን ጨው ከገጹ ጋር ይጣበቃል። ከዚያም የላይኛው አረንጓዴ ቀለም በኤር ብራሽ (ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጭ መሣሪያ) ስስ ስስ ተደርጎ ይረጫል፤ በውሃ የሚቀጠን ቀለም በወፍራሙ ከተረጨ ጨውን ያሟሟዋልና። ቀለሙ ሲደርቅ ጨው በጠንካራ ብሩሽ ይራገፋል፣ ነጭ ቅሪቱም በለብታ ውሃ ይታጠባል። የጨው ቅንጣቶች በመጠንም በቅርጽም ስለማይመሳሰሉ ከሥር የሚወጣው ብርማ ቀለም በእውነት የተላጠ ይመስላል።

ዘዴው እጅግ የሚያምረው እንደ ካዋሳኪ ኪ-61 ባሉ የጃፓን ምድር ጦር አውሮፕላኖች ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 ኒው ጊኒ ከዘመቱት ብዙዎቹ በባዶ ብረት ላይ ስለተቀቡ ቀለማቸው ክፉኛ ይላጥ ነበር። ጨርቅ በለበሰው የጅራት መሪ ላይ ግን ጨው አይነስነስ፤ እዚያ ከቀለሙ ሥር ያለው ጨርቅ እንጂ ብረት አይደለም።